ኬላው ሲዘጋም ሲከፈትም፦ የመተማ ዮሐንስ የጠረፍ ገበያና የሰሊጥ አምራቹ ገበሬ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አካባቢያችን ገበያ አጭር ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ደስታም ፍርሃትም ተሰምቶኛል። ፍርሃቱ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን በዚህ ገበያ የሸጡና የገዙ አባቶች ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ ነው። እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በጠረፍ ቀበሌዎች የምሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ የማቀርበው ከማሳው ዳርና ከገበያው ጫፍ ያየሁትን፣ ከእናንተም የሰማሁትን ነው። የምናገረው ስለ መተማ ዮሐንስ ከተማ ነው፤ ዋናው ጥያቄዬም አንድ ነው። ኬላው በሌላ እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ በእኛ እጅ ያለው ምንድን ነው?

የከተማዋ አቀማመጥና ያለፈ ታሪኳ

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር በስተምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሱዳን ጠረፍ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ከሆነችው ከገንዳ ውኃ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አስፋልቱ ከተማዋን ሰንጥቆ ወርዶ አነስተኛ ድልድይ ላይ ይደርሳል። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ጋላባት የሱዳን ናት። በበጋ ውኃው ሲጎድል አንዱ አገር ከሌላው አገር በድምፅ ይሰማማል። የማለዳ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉ። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በክረምት ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ጫማ እያወለቀ ያስቸግራል።

ከተማዋ ገበያ የሆነችው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያው መተማ ነበር። ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ጥጥ ይሸጥባት ነበር። የሚያሳዝነው ደግሞ የሰው ልጅም በባርነት የተሸጠባት መሆኑ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለመሳለም ሲጓዙ በዚያው የቀሩ ተክሩር የሚባሉ ሕዝቦች በአካባቢው ሰፍረው ጥጥና ማሽላ ያርሱ፣ ይነግዱም ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በዚህ ቦታ ቆስለው ወደቁ፤ የከተማዋ ስምም የእርሳቸው መታሰቢያ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ድንበሩ በወረቀት ላይ ተሰመረ። ያን ጊዜ አንዱ ገበያ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ሰዉ ግን መገበያየቱን አላቆመም።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ትምህርት አይደለም። ከታሪኩ የምንረዳው ነገር ስላለ ነው። በዚህች ቦታ ገበያ የሞቀው ሰላም ሲሆን ነው፤ ሰላም ሲደፈርስ ደግሞ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚዘጋው ገበያው ነው። ይህ ነገር በአያቶቻችን ጊዜም ነበረ፣ በእኛም ጊዜ አልቀረም።

ከተማዋ ከምን ትኖራለች?

የጠረፍ ከተማ የምትኖረው ከሚያልፈው ነገር ነው። ኬላው ክፍት ሆኖ ሰላም በሆነበት ወቅት መተማ ዮሐንስን በማለዳ ያያት ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳል። ከመሀል አገር የመጡ የጭነት መኪኖች በጉምሩክ ፊት ተራ ይይዛሉ። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዝንጅብልና ቡና ወደ ማዶ ይሻገራል። የቁም ከብት ከደጋው እየተነዳና እየተጫነ ይመጣል፤ በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ ያልፋል። ከማዶ ደግሞ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሳሙና፣ ሽቶ፣ ብስኩትና የመሳሰለው ሸቀጥ ይገባል። የአገራችን ነዳጅ ከፊሉ በዚሁ መንገድ ከሱዳን ይገባ የነበረበት ጊዜም ነበር።

በዚህ መካከል ስንት ሰው እንጀራ ይበላል? ጫኝና አውራጁ፣ ደላላው፣ አስተላላፊው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ጊኒና ብር የሚመነዝረው፣ አልጋ የሚያከራየው፣ ፉልና ሻይ የምታቀርበው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ ዐረብኛና አማርኛ አዋቂ ሆኖ በማስተርጎም የሚኖረው ሁሉ። በማዶ ዓርብና ቅዳሜ የሥራ ዕረፍት ስለሆነ በእነዚያ ቀናት እንግዳው ይበዛል፣ የሥጋ ቤቱና የምግብ ቤቱ ሽያጭም ከፍ ይላል። ስለዚህ በመተማ ዮሐንስ አንድ ነጋዴ የሁለት አገር በዓላትን ማወቅ አለበት። ፋሲካውንም፣ ዒዱንም፣ የማዶውን የደመወዝ ቀንም ጭምር!

ነገር ግን የዚህ ዓይነት ኑሮ ሁለት ችግሮች አሉት። አንደኛው የገንዘቡ ነገር ነው። የሱዳን ጊኒ በተለይ ከጦርነቱ ወዲህ ዋጋው እየወረደ የሄደ ገንዘብ ነው። ማታ በጊኒ የሸጠች እናት ለጧት ዕቃ መግዣ ስትመነዝር የጎደለባት ትርፏ ብቻ ሳይሆን ዋናዋም ይሆናል። ሁለተኛው ችግር የሰው ነው። ይህ መንገድ ወጣቶቻችንን በሱዳንና በሊቢያ በኩል አድርገው ወደ አውሮፓ እናደርሳችኋለን የሚሉ ሕገ ወጥ ደላሎች የሚመላለሱበት ነው። ሰሊጥ ለማጨድ የመጣ ልጅ የአጨዳ ገንዘቡን ለደላላ ሰጥቶ በረሃ ሲገባ አይተናል። የላከው ቤተሰብ ደግሞ በደጋ ሆኖ ‹‹ለሥራ ሄዷል›› ብሎ ይጠብቃል። ስለ ገበያ ስንነጋገር ይህንንም መርሳት የለብንም።

ኬላው ሲዘጋ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ኬላው ስንት ጊዜ እንደተዘጋ እናስታውስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን የየብስ ድንበሮች ለሰው ዝውውር ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. በድንበር ውዝግቡ ሳቢያ በሱዳን በኩል ተዘጋ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. እንደገና ተዘግቶ በሐምሌ ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ንግዱ ቆሞ ሰው በብዛት ገባ። በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ሱዳናውያን ቤተሰቦች፣ የሌሎች አገሮች ዜጎችም ሻንጣቸውን እየጎተቱ ድልድዩን ተሻገሩ። ለስደተኞቹ በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በእኛ በኩል በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ሱዳን መሸጋገሪያውን ዘጋች።

ስንቆጥረው በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል ገበያው ተናግቷል። ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱም የተወሰነው በመተማ ገበሬ አይደለም። እርሱ የሚያውቀው አንድ ጧት ገበያ ወጥቶ መኪናው ቆሞ፣ ሱቁ ገርበብ ብሎ ሲያገኘው ነው።

በዚያን ጊዜ ከተማዋ እንዴት ትሆናለች? በቅድሚያ የሚቆመው ጫኝና አውራጁ ነው፤ የሚበላው በዕለቱ ካገኘው ነውና። ከዚያ የሻይዋና የምግብ ቤቷ፣ ከዚያ የቤት ኪራዩ። ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ገበያውን ሊቀይር ይችላል። ገበሬው ግን ማሳውን ጭኖ አይሄድም። ሰሊጡ የሚደርሰው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፣ ኬላው ክፍት ቢሆንም ባይሆንም። የልዩነቱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ለዚህም ነው የጠረፍ ከተማ ገበሬ ከነጋዴው ይልቅ ማኅበር የሚያስፈልገው።

ሰሊጡና የሚሄድባቸው ሦስት በሮች

በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ቆላ የሚመረተው ሰሊጥ በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከአገራችን የግብርና ምርቶች ከቡና ቀጥሎ ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ ያስገኘ ሰብል ሲሆን ከዋና ገዥዎቹ መካከል ቻይና፣ እስራኤል፣ ቱርክና ጃፓን ይገኙበታል። የሁመራ ዓይነት የሚባለው ነጭ ሰሊጥ በጣዕሙና በመልኩ ስለሚመረጥ በእስራኤል ለጣሂና መሥሪያ ይፈለጋል። እንግዲህ በእኛ ሞቃት ማሳ የተለቀመው ፍሬ በሰው አገር በዳቦ ተቀብቶ ይበላል ማለት ነው። ታዲያ ይህን ያህል የሚፈለግ ምርት ያለው ገበሬ ስለ ምን ዕዳ አይለቀውም? መልሱ ሰሊጡ በየትኛው በር ይወጣል በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው በር የአበዳሪው በር ነው። ክረምት ሲገባ ቤት ባዶ ነው፤ አረሙ ግን አይጠብቅም። ሰሊጥ በጊዜው ካልታረመ ምርት አይሰጥም። ለአራሚ የሚከፈል ገንዘብ፣ ለቀለብ የሚሆን ማሽላ ያስፈልጋል። በዚህን ጊዜ አበዳሪው ይመጣና ሰሊጡን በቁሙ ይገዛል። ከማዶ በሱዳን ይህንኑ አሠራር ‹‹ሸይል›› ይሉታል፤ በዚያም ገበሬውን ሲያስለቅስ የኖረ አሠራር ነው። ለማስላት እንዲመቸን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ በሐምሌ 12,000 ብር ተበደረ እንበል። አበዳሪው በኩንታል 4,000 ብር ተምኖ 3 ኩንታል ይጽፍበታል። በኅዳር የአንዱ ኩንታል ዋጋ 6,000 ብር ቢሆን ገበሬው የሚያስረክበው የ18,000 ብር ሰሊጥ ነው። ይህ ማለት በአራት ወር ውስጥ 6,000 ብር ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ያንኑ 12,000 ብር ከቁጠባና ብድር ማኅበር በዓመት 15 ከመቶ ወለድ ቢወስድ ኖሮ በአራት ወር የሚከፍለው 600 ብር ነበር። አሥር እጥፍ ልዩነት! ገበሬው ግን ወለድ የከፈለ አይመስለውም፤ ምክንያቱም የከፈለው በብር ሳይሆን በጆንያ ነው።

እዚህ ላይ ለአበዳሪው ጥላቻ ለመስበክ አይደለም። በጭንቅ ጊዜ የደረሰ እርሱ ብቻ ስለሆነ ብዙ አባቶች ያመሰግኑታል። አንድ አባት ‹‹ልጄ፣ አንተ ምክር ይዘህ መጣህ፣ እርሱ ገንዘብ ይዞ መጣ፤ ማንን ልስማ?›› ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ማኅበሩ ገንዘቡን በሐምሌ ካላደረሰ በኅዳር ምርቱን ሊጠይቅ አይችልም።

ሁለተኛው በር የሌሊቱ በር ነው። ሰሊጥ በአህያና በሞተር እየተጫነ ያለ ፈቃድ ይሻገራል። በአንዳንድ ዓመት በማዶ የተሻለ ዋጋ የሚገኝ ይመስላል፤ ከእኛ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ገዳሪፍ ትልቅ የሰሊጥና የማሽላ ጨረታ ገበያ ያላት ከተማ ናት። ነገር ግን በሌሊት የሻጠ ሰው በቀን የሚከራከርበት ቦታ የለውም። ሚዛኑ ቢጎድል ለማን ይከሳል? በጊኒ ተከፍሎት ጊኒው በሳምንቱ ቢረክስ ማን ይክሰዋል? ቢያዝ ደግሞ ምርቱ ይወረሳል። ከሁሉም በላይ በሕይወቱ ይወራረዳል። አገርም የውጭ ምንዛሪዋን ታጣለች። የኮንትሮባንድ ትርፍ የሚቆጠረው የተሳካለት ሰው ሲያወራ ብቻ ነው፤ የከሠረው አያወራም።

ሦስተኛው በር የማኅበሩ በር ነው። ገበሬው ለመሠረታዊ ማኅበሩ ያስረክባል፤ ማኅበሩ ለዩኒየኑ፤ ዩኒየኑ ምርቱን አበጥሮና አከማችቶ በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል፣ ወይም በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ይሸጣል። በምርት ገበያው መጋዘን ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ትርፍ ሲገኝም አባሉ ባስረከበው መጠን ይከፈለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ይህ በር ወንዙ ላይ አለመሆኑ ነው። ድልድዩ ቢዘጋም ሰሊጣችን ወደ ጎንደር ወጥቶ በጅቡቲ ወደብ ሊወጣ ይችላል። መንገዱ ይረዝማል፣ የጭነት ኪራዩም ይጨምራል፤ ቢሆንም በር ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚህም በር ቅሬታ አለ። ክፍያ ዘገየ፣ ጆንያ በጊዜው አልደረሰም፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ አልተገኘም ሲባል እንሰማለን። አንድ ገበሬ ሰሊጡን በአህያ ጭኖ መጥቶ የማኅበሩ በር ተዘግቶ ካገኘው ወደ ቤቱ አይመለስም፤ በመንገዱ ላይ ለሚጠብቀው ሰብሳቢ ይሸጣል። በዓል ማክበር ጥሩ ነው። በበዓሉ ቀን ይህንንም ማንሳት የበለጠ ጥሩ ይመስለኛል።

ታዲያ በእኛ እጅ ያለው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ጥራቱ በእጃችን ነው። ኬላ የሚዘጋው መንግሥት ነው፤ ሰሊጥ ውስጥ አፈር የሚገባው ግን በእኛው እጅ ነው። አጨዳ መጀመር ያለበት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምርና የታችኛው ቆባ ሊከፈት ሲል ነው። ከዘገየ ቆባው ይፈነዳና ፍሬው መሬት ይቀራል። ሠራተኛ ጠፋብኝ ተብሎ በጣም ቀድሞ ሲታጨድ ደግሞ ፍሬው ይቀጭጫል፣ ክብደት አይኖረውም። ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› የሚባለው ለዚህ ነው። ነዶው ታስሮ ቀጥ ብሎ በሂላ ይቁም። ከሂላው ሥር ሸራ ወይም ምንጣፍ ይነጠፍ። ሲራገፍም በሸራ ላይ ይሁን። ባዶ መሬት ላይ የተራገፈ ሰሊጥ አፈርና ጠጠር ይዞ ይሄዳል፤ በደረጃ ምደባ ላይ የሚቀነሰው ዋጋ የሸራውን ዋጋ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ሂላው ብዙ ሲቆይ ደግሞ የሰሊጥ ትኋን ይሰፍርበታል። ይህ ተባይ የፍሬውን ዘይት ስለሚመጥ ፍሬው ይመራል፣ ይቀላልም። ‹‹ሚዛኑ ሰረቀኝ›› የምንለው አንዳንድ ጊዜ ትኋኑ የሰረቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜው በእጃችን ሊሆን ይችላል። በጥቅምት ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ስለሚሸጥ ዋጋ ይወርዳል። ሁለት ወር መጠበቅ የሚችል ገበሬ ዋጋ ሲስተካከልና ኬላውም መንገዱም ሲከፈት ይሸጣል። ለመጠበቅ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ መጋዘንና የእጅ ገንዘብ። መጋዘኑ ጣሪያው የማያፈስ፣ ከመሬት በርብራብ ከፍ ያለ፣ አየር የሚገባው ይሁን። እርጥብ ሰሊጥ በጆንያ ታጭቆ ከተደረደረ ይሻግታል። የእጅ ገንዘቡ ደግሞ አባሉ ምርቱን ሲያስረክብ ከዋጋው ከፊሉን በቅድሚያ የሚያገኝበት አሠራር ነው። ከፊሉ ለዕዳና ለልጆች ልብስ ይሆናል፤ ቀሪው ሲሸጥ ይደርሰዋል።

ሦስተኛ፣ ቁጠባው በእጃችን ነው። የሐምሌ ችግር የሚፈታው በኅዳር ነው። በኅዳር ከየኩንታሉ ጥቂት ብር በቁጠባና ብድር ማኅበር ያስቀመጠ መንደር በሐምሌ የራሱ አበዳሪ ይሆናል። በዚህ ረገድ እናቶቼን ማመስገን እወዳለሁ። በከተማዋ ሻይና ምግብ የሚሸጡት ሴቶች በዕቁባቸው ያሳዩን ሥርዓት ከብዙ ማኅበራት የተሻለ ነው። ኬላው ተዘግቶ ገበያ በጠፋበት ወቅት ልጆቻቸውን በዕቁብ ብር ያሻገሩ እናቶች አሉ። መሠረታዊ ማኅበራት እነዚህን ሴቶች በአባልነት ቢይዙ የሚያስተምሩት እንጂ የሚማሩት አይበዛም።

አራተኛ፣ በአንድ ሰብል ብቻ አለመንጠልጠል በእጃችን ነው። ማሽላ ቀለብ ነው፤ ኬላው ቢዘጋም ይበላል። ሰሊጥ በየዓመቱ በአንድ ማሳ ላይ ሲደጋገም ምርቱ ይቀንሳል፣ በሽታና ተባይም ይበረታል። ከማሽላ፣ ከጥጥ ወይም ከአኩሪ አተር ጋር ማፈራረቅ ለመሬቱም ለቤቱም ዋስትና ነው። በጫካችን ያለው የዕጣን ዛፍም ሀብት ነው፤ ለአንድ ዓመት ማሳ ተብሎ የተመነጠረ የዕጣን ዛፍ ግን በልጅ ዘመንም አይተካም።

አምስተኛ፣ የሠራተኛው ጤና በእጃችን ነው። በየክረምቱ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛና ሳሉግ እየተባለ የሚጠራው በቆላው የከረመው ሠራተኛ ባይኖሩ ሰሊጣችን በማሳ ላይ ይቀር ነበር። እነርሱ የሚያድሩት ግን ብዙ ጊዜ በግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ ነው። የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባውም እዚያው ነው። አጎበር ለወባም ለዚህም ይጠቅማል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ሆዱ ያበጠና ክብደቱ የቀነሰ ሠራተኛ ስታዩ ‹‹ወባ ነው፣ ይለቀዋል›› አትበሉ፤ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ካላዛር በጊዜው ከታከመ ይድናል፣ ካልታከመ ይገድላል። ሠራተኛ በዓመቱ ተመልሶ የሚመጣው ዋጋ ወደ ከፈለው ብቻ ሳይሆን ሲታመም ወደ አሰበለት ገበሬ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ወሬ በእጃችን ነው። በመተማ ዮሐንስ ‹‹ነገ ኬላው ሊዘጋ ነው›› የሚል ወሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዋጋ ሊያወርድ ይችላል። ወሬውን ማን እንደሚያወራው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መድኃኒቱ ትክክለኛ መረጃ ነው። የምርት ገበያው የዕለት ዋጋ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ሰሌዳ ላይ በየጧቱ በትልቁ ቢጻፍ፣ ማንበብ ለማይችሉ አባቶችም ጸሐፊው ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው ከአንድ መኪና ማዳበሪያ የማይተናነስ ጥቅም አለው። ወጪው አንድ ጠመኔ ነው።

የማጠቃለያ ሐሳብ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሠፈራ ፕሮግራም ከደጋው ወርደው በዚህ ቆላ ጎጆ የቀለሱ፣ ከእነርሱም በፊት የኖሩ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች በዚህች ጠረፍ አብረው ይኖራሉ። ከማዶ ያሉትም ጎረቤቶቻችን ናቸው። በጋላባት ያለው ሱዳናዊ ገበሬም ሰሊጥ ይዘራል፣ እርሱም የሸይል ዕዳ አለበት፣ ኬላው ሲዘጋ እርሱም ይጎዳል። ሰላም ወርዶ ድልድዩ በሕጋዊ መንገድ ሲከፈት ሁለታችንም እንጠቀማለን። ለዚያ ቀን የተበጠረ ምርትና ከዕዳ የጸዳ ቤት ይዘን ብንጠብቅ መልካም ነው።

ለዩኒየናችን አመራርም አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ከሚቀጥለው የምርት ዘመን በፊት ሦስት ነገሮች ቢወሰኑ፦ የክረምት ብድሩ ከሐምሌ አጋማሽ በፊት ገበሬው እጅ ይግባ፤ በምርት መሰብሰቢያ ወራት የማኅበራቱ መጋዘኖች እሑድን ጨምሮ በየቀኑ ክፍት ይሁኑ፤ በርክክብ ወቅት የቅድሚያ ክፍያ ይሰጥ። እነዚህ ሦስቱ ከተፈጸሙ ‹‹ለማኅበራችሁ ሽጡ›› ብለን መለመን አይኖርብንም፤ ገበሬው ራሱ በሩን ያንኳኳል። እኛም የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በማሳና በሂላ ሥር ከእናንተ ጋር እንገኛለን።

‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› እንደሚባለው የጠረፍን ኑሮ አንድ ገበሬ ብቻውን ሲሸከመው ያጎብጠዋል፤ ተከፋፍለን ስንይዘው ግን ይቀላል። መጪው የክረምት ወቅት ዝናቡ የተስተካከለ፣ ማሳው የለመለመ፣ መንገዱም ሰላም የሆነ እንዲሆን እመኛለሁ።